የዘይት ጓርኒሲዮን ከተቀየረ በኋላ ሞተር ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። ከጋራዥ ጉድለት ይዞ የወጣ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ያኔ «መካኒኩ ገደለው» ይባላል። ከመፍረዳችን በፊት ምክንያቱን እንለይ።

1. የሲሊኮን መብዛት፦ ኮፓው ሲገጠም የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቆረስ የዘይት ፖምፓውን መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ይወርዳል፤ ኩሽኔታዎቹ ተፋጭተው ሞተሩ ይነክሳል።

2. የዘይት ማለቅ፦ በልኩ አልተሞላም፣ የማፍሰሻው ቡሎን ላልቷል፣ ወይም የድሮው የፊልትሮ ጎማ ሳይነሳ አዲሱ ተደርቦበት ዘይቱ ወጥቷል።

3. የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጉድለት፦ ቴስታታው ከተጣመመ ወይም ቡሎኖቹ በቅደም ተከተልና በልክ ካልጠበቁ የራዲያተር ውኃ ከዘይት ይቀላቀላል። ዘይቱ ሻይ በወተት ይመስላል።

4. የታይሚንግ ቺንጋ መዛነፍ፦ የፊቱ ክዳን ተፈትቶ ከነበረና ምልክቱ ካልገጠመ፣ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

5. የቆየ ጉዳት፦ መኪናው እያፈሰሰ በዘይት እጥረት ለወራት ተነድቶ ከነበረ፣ ኩሽኔታው ከጥገናው በፊት አልቆ ይሆናል።

የዘይት መብራት ከበራ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ «ከተማ እስክንደርስ» ማለት ጥፋቱን ወደ ሹፌሩ ያዞረዋል። ከዚያም ሦስተኛ ባለሙያ ባለበት ኮፓው ይፈታ፣ ወንፊቱም ይታይ።

መለየቱ ለምን አስፈለገ? በሻፊዒይ መዝሀብ በሚመረጠው አቋም፣ ንብረት የተረከበ ባለሙያ እጁ የአማና እጅ ነው፤ ድንበር ካላለፈ ወይም ካልተዘናጋ የመክፈል ግዴታ (ደማን) የለበትም። የሰው ንብረት እንዳይባክን ሲሉ ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርጉ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ 1ኛው እስከ 4ኛው ከመካኒኩ እጅ መምጣቱ ከተረጋገጠ መዘናጋት ነው፤ 5ኛው ግን የባለቤቱ ነው። ያላጠፋን ሰው ማስከፈል በደል ነው።

ለባለሙያውም አደራ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከላይ ደርቆ ከሥር የረጠበ እህል የሚሸጠውን ሰው ገሥጸዋል። ከኮፓ ሥር የተደበቀ ጉድለትም ከዚያ አይለይም። ነገ መሐንዲስ ለምንሆን ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ የማይታየውን ክፍል እንደሚታየው አድርገን እንሥራ።

ወላሁ አዕለም።