ግሡን ያዙና ባለቤቱን ጠይቁ

«ሰዋስው ለእኔ አይሆንልኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አላምነውም። አንድ የውጭ አገር ሰው «እሷ መጣ» ቢል እኮ ወዲያው ያርመዋል፤ ያንን ሕግ ደግሞ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ያ ጆሮ ለእንግሊዝኛም ይሠራል፤ ልምምድ ነው የጎደለው።

በእንግሊዝኛ ፈተና የሚመጣው ስህተት የመለየት ጥያቄ ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ዓረፍተ ነገሩን እንደ ወሬ ስለሚያነቡት ነው። ትርጉሙ አንዴ ከገባን የጎደለውን በልባችን ሞልተን፣ የተጣመመውን አቃንተን እናልፋለን። ስለዚህ አነባበባችሁን ለውጡ። መጀመሪያ ዋናውን ግሥ ያዙና «ባለቤትህ ማነው?» በሉት። «ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ማንጎስ አር ጉድ» የሚለውን ተመልከቱ። ብዙ ቁጥር የሆነው «ማንጎስ» ከግሡ አጠገብ ስለተቀመጠ «አር» ለጆሮ ይጥማል። የግሡ ባለቤት ግን «ኳሊቲ» ነው፤ እሱ ደግሞ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ኢዝ»። ፈተና አውጪዎች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል። በባለቤቱና በግሡ መሃል ረዘም ያለ ሐረግ ይደነቅሩበታል። ሐረጉን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንብቡት፤ ስህተቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ደስ የሚለው፣ የእኛ ስህተቶች ያው የምናውቃቸው ናቸው። ብዙዎቹ ከአማርኛችን ተከትለውን ይመጣሉ። «ምንም እንኳን ቢደክመኝም ግን መጣሁ» ማለት ስለለመድን «ኦልዞ» ብለን የጀመርነውን ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ «በት» እንጨምርበታለን፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። «ሁለት መጽሐፍ» ብንል ማንም አይታዘበንም፤ «ቱ ቡክ» ግን ጎዶሎ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው ደግሞ «ዲስከስድ አባውት» ይወለዳል፤ «ዲስከስድ» መስተዋድድ አይፈልግም። ከሁሉም የሚረቀው «ዘ ማን ሁ አይ ሳው ሂም» ነው፤ «ያየሁት» ላይ ያለችው «ት» ናት «ሂም» ሆና የመጣችው! እነዚህን አራቱን እያሰሰ የሚያነብ ሰው የሥራ ማመልከቻው ላይ ብዙ ነገር ያጸዳል።

ታዲያ ሁሉንም በአንዴ አትፈልጉ። ዛሬ ግሥና ባለቤት ብቻ፣ ነገ ብዙ ቁጥር ብቻ። የራሳችሁን ጽሑፍ ስታርሙ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ሐሳቡ ስለሚቆራረጥ ዓይናችሁ ቃላቱ ላይ ያርፋል። ያረማችሁትን ደብተር ላይ አስፍሩ፤ ምክንያቱንም ከጎኑ በአማርኛ ጻፉ። ምክንያቱን መጻፍ ካቃታችሁ መልሱን ያገኛችሁት በግምት ነው።

ፍጥነቱ አያስጨንቃችሁ። ቶፍል አይ ቲ ፒ በተባለው ፈተና የሰዋስው ክፍል 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ይሠራል፤ 25ቱ ስህተት መለየት ናቸው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። የለመደ ሰው ግን ግሡን እስኪያገኝ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም።

እኔ የምወደው ልምምድ ጓደኛ ይፈልጋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የመማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የባዮሎጂውን መጽሐፍ አውጡና አምስት ዓረፍተ ነገር ገልብጡ። አራቱን ሆን ብላችሁ አበላሹ፤ አንዱን እንዳለ ተዉት። ለጓደኛችሁ ስጡት፤ የእሱን ተቀበሉ። የሚያሟግታችሁ ያልተነካው አምስተኛው ይሆናል። ዛሬ ማታ ሞክሩት።