በጥቅምት ጀርመን ለሚገባ ተማሪ

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ ሴሚስተር በይፋ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን ሲሆን፣ በብዙዎቹ ትምህርት የሚጀመረው ግን በወሩ አጋማሽ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ተማሪ ለዚያ ቀን ለመድረስ ወራት ይለፋል። ቪዛው አለ፣ የጤና መድኑ አለ፣ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ አለ፤ ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቃል። ስለነዚህ ነገሮች የሚያማክረው ሰው አያጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር እንደሚውል ግን አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው እምብዛም የለም። አገር ቤት ጎበዝ የነበረ ልጅ እዚያ ሄዶ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ደግሞ ጥፋቱ ሁልጊዜ የትምህርቱ ክብደት አይደለም፤ ብቸኝነትም ሰውን ከመጽሐፍ ያርቃል።

አገር ቤት ጓደኛ የሚገኘው በጉርብትና፣ በዶርም፣ በካፌ በር ላይ ቆሞ በማውራት ነው። «ብቅ በል» ማለት ይበቃል። ጀርመን ውስጥ ሰው የሚቀራረበው በሌላ መንገድ ነው፦ ያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ በየሳምንቱ ሲገናኝ። ማክሰኞ ማታ የመዘምራን ልምምድ፣ ሐሙስ ቮሊቦል፣ ዓርብ የጥናት ቡድን። አንድ የክፍል ጓደኛ «ቡና እንጠጣ» ሲባል ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያውን እየገለጠ «የሁለት ሳምንት ሐሙስ ይመችሃል?» ቢል ገሸሽ ማድረጉ አይደለም። በቀኑና በሰዓቱ ይመጣል። በዚያ ቀጠሮ ላይ ሳያሳውቁ መቅረት ግን ከባድ ቅሬታ ያሳድራል፤ ሳይደውሉ በር ማንኳኳትም እንደ አገር ቤት ደስታ አይፈጥርም። ይህን ቀድሞ የገባው ተማሪ በመጀመሪያው ወር ቢያንስ አንድ ሳምንታዊ ነገር ይይዛል። ያልገባው «ሰዎቹ ቀዝቃዞች ናቸው» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ክረምቱን በሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያሳልፋል።

የአዲስ ገቢዎች ሳምንት የሚባለውን፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚካሄደውን ፕሮግራም፣ «ወረቀት ስጨርስ እደርሳለሁ» ብሎ መዝለል ትልቅ ኪሳራ ነው። በዚያ ሳምንት ነባር ተማሪዎች ግቢውን ያሳያሉ፣ ማታ ማታ አብሮ መውጣት አለ፣ የዋትስአፕ ግሩፖችም የሚከፈቱት ያኔ ነው። አልኮል የማይጠጣ ሰው የሚሸማቀቅበት ምክንያት የለም፤ «አፕፈልሾርለ» የሚባለውን፣ አምቦ ውሃ በመሰለ ውሃ የቀጠነ የፖም ጭማቂ አዝዞ ቢቀመጥ ማንም ለምን አይለውም። ፋኽሻፍት የሚባለውን የትምህርት ክፍሉን የተማሪዎች ማኅበርም ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች የሚገኙት ከእነሱ እጅ ነው። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደግሞ አዲስ ገቢን ከነባር ተማሪ ጋር የሚያጣምርበት ፕሮግራም አለው፤ ለዚህ መመዝገብ የሚቻለው ብዙ ጊዜ ገና አገር ቤት ሳሉ ነው። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍልም ከዳንስ እስከ ጁዶ በአነስተኛ ክፍያ ያሠለጥናል። ምዝገባው በተወሰነ ቀንና ሰዓት በኢንተርኔት ይከፈትና ተፈላጊዎቹ ኮርሶች በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞሉ፣ ሰዓቱን አስቀድሞ ስልክ ላይ መሙላት ይበጃል።

ክፍል ውስጥ እንግዳ የሚያደርጉ ጥቃቅን ልማዶች አሉ። በፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ሲቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ከተጻፉ ትምህርቱ የሚጀመረው 15 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ 10 ሰዓት የተባለው፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ማለት ነው። «ኤስቲ» ካለ ግን ልክ በሰዓቱ። አስተማሪው ንግግሩን ሲጨርስ ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ ጭብጨባቸው ይኸው ነው። ተማሪ ከተማሪ «ዱ» ይባባላል፣ ለፕሮፌሰሩ «ዚ» ይባላል፤ አንተንና እርስዎን ለለየ አንደበት ይህ አይከብድም።

የሚከብደው ማዕድ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ሲጋበዝ መጀመሪያ ይግደረደራል፦ «የለም፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት»። ጋባዡ ይለምናል፣ ያስምላል፣ በሦስተኛው ልመና እጅ ይታጠባል። ጀርመናዊው አስተናጋጅ ግን የመጀመሪያውን «አይ» እንደ ቁርጥ መልስ ይወስደዋል። ሳህኑን ያነሳል፤ ይህን ያደረገው እንግዳውን አክብሮ፣ ቃሉንም አምኖ ነው። እንግዳው በበኩሉ «አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ» ብሎ ተቀይሞ፣ ተርቦም ወደ ቤቱ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የራበው ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ይበል። የሚያስተናግደው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ጀርመናዊ እንግዳውን «በሞቴ» እያለ ሳህኑ ላይ ሲጨምር፣ እንግዳው የቀረበለትን ሁሉ መጨረስ ግዴታው መስሎት እየተጨነቀ ሊሆን እንደሚችል ያስብ። ጉርሻ ግን አስቀድሞ ትርጉሙ ከተነገረው ብዙ ሰው ይወደዋል።

ሒሳብም እንዲሁ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ «አንድ ላይ ነው ለየብቻ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚከፍሉት ለየብቻ ነው፣ ማንም ቀድሞ ለመክፈል አይታገልም። በ992 ዩሮ ወር ለሚገፋ ተማሪ ይህ ልማድ ትልቅ እፎይታ ነውና በጸጋ መቀበሉ ይሻላል። ልደት ሲሆን ኬኩን የሚያመጣው ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ከቀኑ በፊት «እንኳን ተወለድክ» ማለት ግን አይገባም፤ መጥፎ ዕድል እንደሚያመጣ ያምናሉ።

ጀርመንኛው እንደምንም መያዝ አለበት። የማስተርስ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ የሆነለት ተማሪ ሁለት ዓመት ያለ ጀርመንኛ መኖር ይችላል፤ ብዙዎችም ኖረዋል። ነገር ግን የጋራ ወጥ ቤቱ ጨዋታ፣ የስፖርት ቡድኑ ቀልድ፣ የጎረቤቷ ሰላምታ በጀርመንኛ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የቋንቋ ትምህርት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። ታንደም የሚባለው ደግሞ ሁለት ሰዎች ቋንቋ የሚለዋወጡበት መንገድ ነው። አማርኛ የሚፈልግ ጀርመናዊ ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ። ሉዶልፍን ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ ቤተ መንግሥት አብረው ተቀምጠው ሠርተዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ በጀርመን ትምህርት ቤት የተማሩት አስፋወሰን አስራተ በቱቢንገን ጀምረው በፍራንክፈርት የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ መልካም ጠባይና ሥርዓት በጀርመንኛ የጻፉት መጽሐፍ በአገሩ እጅግ ከተነበቡት አንዱ ሆነ። ጀርመኖች ስለራሳቸው ሥነ ሥርዓት ከኢትዮጵያዊ ብዕር ማንበባቸው ለአዲስ ገቢ ተማሪ የልብ ልብ የሚሰጥ ነገር ነው።

ስለ ቡና ማውራት ያስፈልጋል፤ በጀርመን ዶርም ውስጥ ቡና መቁላት እውነተኛ አደጋ አለውና። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ ክብ ነጭ የጭስ ጠቋሚ ተሰቅሏል። አንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ ጠቋሚው በቀጥታ ከእሳት አደጋ ተከላካዮች ጋር የተገናኘ ነው። ቡናው የሰሊጥ መልክ ሲይዝ ምንም የለም፤ ሲጠቁር፣ ዘይቱ ሲወጣና ጭሱ ሲወፍር ደወሉ ያንባርቃል፤ ስድስት ፎቅ ሙሉ ተማሪ በፒጃማ ደጅ ይወጣል። የእሳት አደጋ መኪናው በከንቱ ሲመጣ ቡናውን የቆላው ሰው ወጪውን የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተማሪዎች የወሩን ቡና በረንዳ ወይም የግል ወጥ ቤት ባለው የአገር ልጅ ቤት አንድ ቀን ቆልተው በቆርቆሮ ይይዙታል፤ ዶርም ውስጥ ማፍላት ብቻ ይቀራል። ከሰል በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ መስኮቱን ዘግቶ የሚኖር ሰው በሚታይ ጭስ ሳይሆን በማይሸተው ጋዝ ይሞታል። ለእጣኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ አለ፤ እሱንም ቢሆን ከጠቋሚው ራቅ አድርጎ፣ በስሱ።

ይህ ከተስተካከለ ጀበና የጋራ ወጥ ቤቱን የሚሞላ ሰው ይሰበስባል። ጠረጴዛው ላይ ረከቦት ሲዘረጋ፣ ፈንድሻ ሲፈነዳ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሃሎ» ብቻ ሲል የከረመው የጎረቤት ልጅ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖሩ ሲነገረው ሰዓቱን ያያል። ደግሞም ይቆያል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሱቆች ዝግ ናቸው፣ ሰዉ ቤቱ ነው። ድምፅ ከፍ ያለ ሙዚቃ ግን እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይፈቀድም።

ሜንዛ የሚባለው የተማሪዎች ምግብ አዳራሽ ለተማሪ በርካሽ ያበላል። ጾመኛ ኦርቶዶክስ የምግቡን ምልክት ማወቅ ያስፈልገዋል፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል፣ «ቬጋን» የሚለው ግን ለጾም ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብም ሆነ ዐቢይ ጾም ላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይገኛል። የአሳማ ሥጋ ያለበትም ተለይቶ ስለሚጻፍ ሙስሊም ተማሪ እሱን ለመለየት አይቸገርም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ብዙ ሜንዛ የምሳ መስኮቱን በእኛ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደርሶ የተቆለፈ በር ያገኛል። ምሳ ዕቃ ይዞ በሰዓቱ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥራ ለመሥራት ሕጉ ከማርች 2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በረዳትነት መሥራት ከዚህ ቁጥር አይታሰብም። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ ከማንሳት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወይም በመምህር ሥር መሥራት ክፍያው ባይበልጥ እንኳ ሰው ያስተዋውቃል፣ ቋንቋም ያስለምዳል።

የአገር ልጅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያጣጥል ምክር አይሰማ። በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝ፣ በሙኒክ፣ በኑረንበርግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ የወንጌል አማኞች ጉባኤ፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሴሚስተር ክፍያው ውስጥ በመላው ጀርመን የሚሠራ የትራንስፖርት ትኬት ስለሚሰጡ፣ በፈጣኖቹ ሳይሆን በመካከለኛዎቹ ባቡሮች ያለ ተጨማሪ ወጪ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ከዚህ ሌላ ሽቱበ የሚባል፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ለመጡ ተማሪዎች የተቋቋመ ፕሮግራም በተለያዩ ክፍለ ሀገሮች አለ፤ የሳምንት መጨረሻ ሴሚናሮችን ከነመኝታና ምግቡ በትንሽ መዋጮ ያዘጋጃል። የፕሮቴስታንት የተማሪዎች ማኅበረሰብ ደግሞ ሃይማኖት ሳይለይ፣ ለተቸገረ የውጭ ተማሪ የድንገተኛ ድጎማ የሚያገኝበትን መንገድ ያሳያል። አደጋው ያለው ሳምንቱን ሙሉ ከአገር ልጅ ጋር ብቻ መዋል ላይ ነው። አራት ዓመት ኖሮ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው የሚያመልጠው ጀርመንኛው ብቻ አይደለም፤ የሥራ ጥቆማው፣ የቤት ኪራይ ወሬው፣ የፈተናው ምክርም ነው።

ዲሴምበር ከባድ ነው። ፀሐይ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ትጠልቃለች፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ሲኬድም ገና ጨለማ ነው። ከ24ኛው ቀን ጀምሮ ጀርመኖቹ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይሄዱና ዶርሙ ባዶ ይቀራል፤ 25 እና 26 ሱቅም ዝግ ነው። ለእነዚያ ቀናት ኖቬምበር ላይ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በአንዳንድ ከተሞች የውጭ ተማሪን ለበዓሉ ቤታቸው የሚጋብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን መጠየቅ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል ደግሞ ትምህርት ተመልሶ የሚከፈትበት ሰሞን ነውና በዓሉን ከዋዜማው ወይም ከሚቀጥለው እሑድ ጋር አስማምቶ ማክበር የተለመደ ሆኗል።

በዚህ ወቅት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ከአልጋ መውረድ የሚያቅተው፣ እናቱ ስትደውል ግን «ደህና ነኝ» ብሎ የሚዘጋ ተማሪ ብዙ ነው። ቤተሰብን ላለማስጨነቅ ነው፤ ያሳዝናል፣ ይገባልም። የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት በየዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ አለው፤ ምስጢር ይጠብቃል፣ በአብዛኛውም አያስከፍልም፣ በብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ማነጋገር ይቻላል። እዚያ መሄድ በትምህርት ውጤትም በመኖሪያ ፈቃድም ላይ ምንም አያመጣም። ሌሊት ሆኖ የሚያናግረው ሰው ላጣ በጀርመንኛ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነጻ የስልክ መስመር አለ፦ 0800 1110111። በቆዳው ቀለም ወይም በስሙ ምክንያት ቤት የተከለከለ፣ የተሰደበ ተማሪም ዝም ማለት የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲዎች አድልዎን የሚመለከት ተጠሪ አላቸው፤ የሆነውን ቀንና ሰዓት ጽፎ መያዝ ለአቤቱታው ይረዳል።

ኤፕሪል ላይ የበጋው ሴሚስተር ሲጀመር ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው በትምህርቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ለሌሊቱ ቅዳሴ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መካከለኛ ባቡሮቹ በብዙ መስመር አይሄዱምና ጣቢያ ላይ ብርድ ይመታዋል። ዶሮ ወጡ የሚሠራበት ቤት ካለው የአገር ልጅ ጋር ቀድሞ ተደዋውሎ፣ ሽንኩርቱን ለመክተፍ ቅዳሜ ከሰዓት መድረስ ነው።