ወጥ ቤት ውስጥ በስፓኒሽ ማዘዝ

ዋሺንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ባልደረባ አያጣም። ስፓኒሽ መማር ካማራችሁ ከትእዛዝ ጀምሩ፤ ከትእዛዝም ከ«እርስዎ»ው።

የስፓኒሽ ግስ መድረሻው አር፣ ኤር ወይም ኢር ነው። ኮርታር መቁረጥ፣ ባሬር መጥረግ፣ አብሪር መክፈት። መድረሻውን ጣሉና አናባቢውን አዙሩት፦ የአር ግስ «ኤ»ን፣ ሁለቱ ደግሞ «አ»ን ይይዛሉ። ኮርቴ፣ ይቁረጡ። ባራ፣ ይጥረጉ። አብራ፣ ይክፈቱ። (የመጨረሻዋ ለእኛ አትጠፋም፤ የታዘዘው በር እንጂ መብራት አለመሆኑን ብቻ ልብ በሉ።) ሰዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ «ን» ጨምሩ፦ ኮርቴን፣ ባራን፣ አብራን። ለወንድም ለሴትም ያው ነው።

ለምን በእርስዎ? አዲስ ሰውም በዕድሜ የሚበልጣችሁም አይቀየምም። ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው፤ የ«አንተ» ትእዛዝ እንደ አገሩ ይለያያል። ሜክሲኳዊ ለጓደኛው ኮርታ፣ አብሬ ይላል፤ ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው። ሳልቫዶራዊ በ«ቦስ»፣ በእነሱ «አንተ»፣ ሲያወራ ግን ጫናውን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ አብሬ የተባለውም አብሪ ይሆናል። «አትክፈት» ለማለት ደግሞ የአንተው ቅርጽ እንደገና ይለወጣል። የእርስዎው የትም አገር አንድ ነው፤ ለመከልከልም ከፊቱ «ኖ» ብቻ ይበቃዋል፦ ኖ ኮርቴ፣ ኖ አብራ።

ነገሩ ከታወቀ ስሙን መደጋገም አያስፈልግም። ሽንኩርት፣ ሴቦያ፣ በስፓኒሽ ሴት ናትና «ኮርቴላ» ትባላለች፤ ወለል፣ ፒሶ፣ ወንድ ነውና «ባራሎ»። ጫናው ግን ከ«ኮር» እና ከ«ባ» አይነቃነቅም። ስትከለክሉ ተለጣፊዋ ወደ ፊት ትዘላለች፦ ኖ ላ ኮርቴ።

ደንቡን የሚያፈነግጡም አሉ፤ ፖኔር፣ ማስቀመጥ፣ «ፖንጋ» ይሆናል። አብዛኞቹ ግን የ«እኔ»ን ቅርጽ ይከተላሉ፦ «ፖንጎ»፣ አስቀምጣለሁ፣ መጨረሻው ወደ «አ» ሲዞር «ፖንጋ» ይሆናል። ሳካር፣ ማውጣት፣ የሚያፈነግጠው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ «ሲ» ፊደሏ በ«ኪው» እና በ«ዩ» ትተካለች፤ አነጋገሩ እንደ ደንቡ «ሳኬ» ነው። ማታ ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ቆሻሻው እንዲወጣ ከፈለጋችሁ፦ ሳኬ ላ ባሱራ፣ ፖር ፋቦር።