ማስተማርን መማር

ማወቅ አንድ ሥራ ነው፤ ማሳወቅም ሌላ ሥራ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ሌላውን ዳዊት ሊያስደግም አይችልም። ማስተማር እንደ እርሻና እንደ ሽመና እየሠሩ የሚማሩት ነውና። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የነበሩ አባቶች ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ብቻቸውን ብዙ ሕፃናት ያስተምራሉ። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ለሁሉ ሊደርሱ ስለማይችሉ፥ ፊደል የጨረሰው ጀማሪውን ያስቈጥራል፤ ዳዊት የሚደግመውም ንባብ ጀማሪውን ያስነብባል። የየኔታ ዓይን በአንዱ ላይ ቢሆን ጆሮአቸው በሁሉ ላይ ነው፤ አስቈጣሪው ፊደል ቢዘል ከተቀመጡበት ሆነው ይመልሱታል። እንዲህ ትንሹ ፊደል ሲማር ትልቁ ማስተማርን ይማራል።

ይህ ሥርዐት በዜማ ቤት ይበልጥ ይጠነክራል። ድጓ ለዓመቱ በዓላት ሁሉ የተዘጋጀ ሰፊ መጽሐፍ ነው፤ ዜማውም ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ነገር ግን ምልክቱ የሚያስታውሰው ቀድሞ የሰማውን ሰው ነው፤ ላልሰማው ዝም ይላል። ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ደጋግሞ ይለዋል፤ ባጠናም ጊዜ ከርሱ በታች ላሉት ያስቀጽላል። ጀማሪው «ይህ ለምን ወደ ላይ ይነሣል?» ብሎ ሲጠይቀው፥ ዐውቄዋለሁ ያለውን ነገር ገና እንዳላወቀው ያን ጊዜ ይረዳል፤ ማታ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይጠይቃል። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም። በዚህ ሁሉ ዘመን ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቦ፥ ቍራሽ እየለመነ ነው የሚኖረው፤ በየደጁ የሚጠብቀውም ውሻ የድጓ ተማሪ ነው ብሎ አያከብረውም።

ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም እንዲሁ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ዝማሬ በቅዳሴ ፍጻሜ፥ መዋሥዕትም ለሙታን የሚዜም ነው። ይህን ያህል መንገድ መሄድ ለምን አስፈለገ? ተማሪ አንድ ዜማ ቢያጣምም ስሕተቱ ከርሱ ጋራ ይቀራል። መምህር ቢያጣምም ግን ለ20 ተማሪዎች ያወርሳል፤ እነዚያም እያንዳንዳቸው 20 ቢያስተምሩ 400 ሰው የተጣመመውን እንደ ቀና ይይዛል። ብዙ ዓመት የደከሙበትን ዜማ እንደ ገና መታረም ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሳይታረሙ ወንበር ከመዘርጋት ይሻላል።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበዙ ጊዜ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም.፥ የመምህራን ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ዛሬ በደብረ ታቦርም የመምህራን ኮሌጅ አለ። የመምህራን ኮሌጆች ዕጩዎቻቸውን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ይልካሉ። ዕጩው በመጀመሪያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ያያል፤ ቀጥሎ መምህሩን ይረዳል፤ በመጨረሻም መምህሩ እያዳመጠ እርሱ ያስተምራል።

ጕዳት የሚመጣው መምህሩ «ረዳት አገኘሁ» ብሎ ጠመኔውን ለዕጩው ሰጥቶ ወደ ገዛ ጕዳዩ ሲሄድ ነው። በእስቴ ወይም በስማዳ ባለ አንድ ክፍል 50 ልጆች ቢኖሩ፥ ዕጩውም ክፍልፋይ ቍጥርን አጣሞ ቢያስተምር፥ ማን ያርመዋል? ልጆቹ አያርሙትም፤ ስሕተቱን በደብተራቸው ጽፈው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል።

መልካሙ መምህር ግን ከኋላ ተቀምጦ እስከ ደወል ያዳምጣል። በልጆቹ ፊት ዕጩውን አያሳፍረውም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዕጩውን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፥ የሳተውን አንድ በአንድ ይነግረዋል፤ በማግሥቱም ያንኑ ትምህርት በሌላ ክፍል እንዲያስተምር አድርጎ፥ እንደ ገና ከኋላ ይቀመጣል።