ቅዳሴው ለምን እንግዳ ሆነብኝ?

ጥያቄ፦ ከወላይታ ሶዶ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ለቡ ተዛውሬ መጥቻለሁ። ካቶሊክ ነኝ። እዚህ ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ መከታተል ያቅተኛል፤ ሲያልቅም ማንም ሳያናግረኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ምን ይመክሩኛል?
የለቡ ነዋሪ ነኝ

መልስ፦  እንግዳነቱ ከእርስዎ ጉድለት የመጣ አይደለም። የሶዶ ሐዋርያዊ ቪካሪያት የላቲን ሥርዓት ይከተላል፤ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ግን የግዕዝን። እምነቱ አንድ ስለሆነ በሁለቱም መቁረብ ይችላሉ፤ መኖሪያ በመቀየር ብቻም ሥርዓትዎ አይለወጥም። የቅዳሴ መጽሐፍ ይዘው ቢከታተሉ ጆሮዎ እየለመደው ይሄዳል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብቸኝነትዎ ነው። በከተማ ምእመናን ከየሰፈሩ በታክሲ መጥተው ወዲያው ይበተናሉ፤ አዲስ ሰው መምጣቱን ካህኑም ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቆይተው ከየት እንደመጡና የት እንደሚኖሩ ለቆሞሱ (ለቁምስናው ኃላፊ ካህን) ይንገሯቸው። ከሶዶ ቁምስናዎ የጥምቀት ምስክር ወረቀትና የመሸኛ ደብዳቤ ቢያስመጡ መልካም ነው። መዘምራን ወይም ሌጊዮነ ማርያም የተባለው የምእመናን ማኅበር ካለ ይጠይቁ፤ በእኔ እምነት ሰው የሚቀራረበው ከሰላምታ ይልቅ አብሮ ሲያገለግል ነው። የለመዱት ሥርዓት ቢናፍቅዎ ደግሞ መካኒሳ የሚገኙት የዶን ቦስኮ ሳሌዥያን አባቶች ለለቡ ሩቅ ስላልሆኑ የቅዳሴያቸውን ሥርዓት፣ ሰዓትና ቋንቋ መጠየቅ ይችላሉ።

 ብቸኝነቱ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ነስቶዎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂዱ።