ያልተጻፈ ስምምነት በኮድ ጻፊ ወኪሎች መካከል፦ ከቡና ማሳ ምዝገባ የተወሰደ ማሳያ

አንድን የሶፍትዌር ሥራ ከፋፍሎ ለበርካታ ኮድ ጻፊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች (በተለምዶ «ኤጀንት» ለሚባሉት) ማደል በቅርብ ዓመታት ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረቡት ቻትዴቭና ሜታጂፒቲ የተባሉ ሥርዓቶች ለወኪሎቹ የዕቅድ አውጪን፣ የጻፊንና የፈታሽን ድርሻ ሰጥተው አንዱ የሌላውን ውጤት ተቀብሎ እንዲቀጥል አድርገዋል። ቻትዴቭ ወኪሎቹን በምልልስ ያግባባል፤ ሜታጂፒቲ ደግሞ ቅርጻቸው አስቀድሞ በተወሰነ ሰነዶች። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በዚህ መንገድ የሚገኘው ፍጥነት አይደለም። ትኩረቱ ሥራው በመከፋፈሉ ምክንያት በሚፈጠርና ከወኪሎቹ አንዱም ብቻውን ሊያየው በማይችል የስሕተት ዓይነት ላይ ነው።

ለማሳያነት የተመረጠው ሥራ በኪቶ ፉርዲሳ፣ በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቢሰጥ የማያስገርም ነው፤ በማና፣ በጎማና በሊሙ የሚገኙ የቡና ማሳዎችን የሚመዘግብ ሥርዓት። ሥራውን አስፈላጊ ያደረገው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ነው። ደንቡ ተፈጻሚ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው። ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ መሆን የለበትም፤ ማሳው የሚገኝበት ቦታም በመጋጠሚያ ነጥብ መገለጽ አለበት። ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ሊገለጽ ይችላል፤ ከዚያ የሰፋው ግን ዙሪያ ወሰኑ ይጠየቃል።

ሁለት ወኪሎች ይሰማሩ። የመጀመሪያው የምዝገባ ቅጹን ይሠራል፣ ሁለተኛው ማሳው ደንቡን ማሟላቱን የሚያጣራውን ክፍል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ መሬቱ የተመነጠረበትን ዓመት የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ገበሬው የሚነግረውም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ወኪል ቁጥሩን እንዳለ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ቁጥሩን እንደ አውሮፓውያን ዓመት አንብቦ ከ2020 ጋር ያነጻጽራል። በ2014 ዓ.ም. የተመነጠረ መሬት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም እና በ2022 መስከረም መካከል ማለት ነው፣ ከቀነ ገደቡ ስድስት ዓመት ቀድሞ እንደተመነጠረ ተቆጥሮ ያልፋል። ስሕተቱ በአንድ መዝገብ አይወሰንም፤ ማጣሪያው ሊያግዳቸው የተሠራባቸውን መዝገቦች በሙሉ ያሳልፋል። ጉድለቱ በኋላ ገዢው ዘንድ ሲገለጥ የሚወድቀው የአንዱ ማሳ ቡና ብቻ አይሆንም፤ በአንድ ጭነት አብሮ የተላከው የሌላው ገበሬ ቡናም ጭምር ነው።

የዚህ ስሕተት አስቸጋሪነት ዝምታው ነው። እያንዳንዱ ወኪል በየራሱ የጊት ቅጂ ላይ ስለሠራና የነኩት ፋይል ስለማይገናኝ ውሕደቱ ያለ አንዳች ግጭት ይፈጸማል። ጊት የሚያነጻጽረው መስመሮችን እንጂ ትርጉምን አይደለም። እያንዳንዱ ወኪል ለራሱ ክፍል የጻፈው ሙከራም ያልፋል፤ ሙከራውን ያወጣው ቁጥሩን በተረዳበት ልክ ነውና። የመጋጠሚያ ነጥብ ስሕተት ከዚህ ይሻላል። አንዱ ወኪል ኬክሮስን፣ ሌላው ኬንትሮስን ቢያስቀድም፣ በሰሜን 7.67፣ በምሥራቅ 36.83 ዲግሪ አካባቢ ያለ የጅማ ማሳ በአልጄሪያ ጠረፍ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ይወድቃል። ካርታውን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። 2014 ግን በሁለቱም አቆጣጠር ትክክለኛ ዓመት ነው።

ገምጋሚ የሆነ ሦስተኛ ወኪል መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ናይትና ሌቭሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ሙከራ ይጠቅማል። ለአንድ ዝርዝር መግለጫ ተለያይተው የተጻፉ 27 ፕሮግራሞችን ፈትነው፣ የፕሮግራሞቹ ስሕተቶች አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው የሚለው ግምት እንደማይቆም አሳይተዋል። ያ የሰዎች ሥራ ነበር። በአንድ ሞዴል ላይ የተመሠረቱ ወኪሎች ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ባለ አራት አኃዝ ዓመት ያለ ማብራሪያ ሲቀርብለት እንደ ጎርጎርዮሳዊ የሚያነብ ጻፊ፣ ገምጋሚውም ያንኑ ሞዴል ከሆነ፣ ምን ያህል እንደሚታረም መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ሥራው መከፋፈል ያለበት አስቀድሞ የጋራ ውል ከተጻፈ በኋላ ነው። ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሥርዓት በሥራ ቅደም ተከተል ሳይሆን ሊለወጡ የሚችሉ ውሳኔዎችን በየክፍሉ በመሰወር ይከፈል ሲል የሰጠው ምክር እዚህ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ቀን ተራ ቁጥር መሆኑ ይቀርና አቆጣጠሩን አብሮ የሚይዝ ዓይነት ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጠው ክፍልም አንድ ብቻ ይሆናል። ውሉን ወኪሎቹ ያነብቡታል እንጂ አይለውጡትም። የውሕደቱን ሙከራ የሚጽፈው አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ነው፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሆኖ መውጣት አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023። ሁለተኛው ጥንድ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ የሚነሣውን ወኪል ወዲያው ያጋልጣል።

ውሉ የማይፈታው አንድ ጉዳይ ይቀራል። ቀነ ገደቡ የሚያርፈው በ2013 ዓ.ም. ውስጥ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ብቻ ሊይዝ ይችላል። ባዶ ቦታ የተሰጠው ወኪል መስከረም 1ን ሞልቶ ቢቀጥል በዚያ ዓመት የተመነጠረ መሬት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን መሙላት ውሉ በግልጽ ሊከለክል፣ ፕሮግራሙም መዝገቡን ወደ ቀበሌው ሊመልስ ይገባል። ቅጹ ላይ የሚታከለው ጥያቄ አጭር ነው፦ ደኑ የተመነጠረው የ2013 ቡና ተለቅሞ ከማለቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለቀማው የሚያልቀው በታኅሣሥ አካባቢ በመሆኑ መልሱ የቀኑን ያህል ልክ አይሆንም። ከዚያ ወር ርቆ የሚወድቀውን ምንጣሮ ግን ይለያል፤ የቀረውን የልማት ሠራተኛው ማሳው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል።