ከቅዳሴ በኋላ የሚዘረጋው ማዕድ፦ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር አጥቢያዎች እንግዳን ስለ መቀበል

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚገኙ አጥቢያዎቻችን ምእመናንን ሰብስቦ መመገብንና መምከርን ከማንም የውጭ ድርጅት የተማሩት አይደለም። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ የሰንበቴው ባለ ተራ ከዋዜማው ጀምሮ ያሰናዳውን ዳቦና ጠላ ወደ ሰንበቴ ቤቱ ያስገባል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ የነዳያኑና የአብነት ተማሪዎቹ ድርሻ ይወጣል። ከዚያም ሽማግሌዎቹ የታመመውን፣ የተጣላውን፣ ሐዘን የደረሰበትን እያነሡ ይመክራሉ። ዛሬ ብዙ ገንዘብና ሥልጠና የሚጠይቀው የማኅበረሰብ አገልግሎት በአንድ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ፣ ያለ በጀት ሲፈጸም ኖሯል።

ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት ባዘጋጀነው በዚህ ትምህርት የምናነሣው ጥያቄ ግን ማዕዱ መኖሩን አይደለም። ከማዕዱ ዙሪያ ማን እንደቀረ ነው።

የእንግዳ መቀበል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ሥር የሰደደ ነው። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሮጦ ተቀብሎ እግራቸውን ማሳጠቡ፣ ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳ መቀበልን በፍርድ ቀን ከሚጠየቁት ምግባራት አንዱ አድርጎ ማስተማሩ ለአንባብያን አዲስ አይደለም። የጎንደር ምእመን በደብረ ብርሃን ሥላሴ መቅደስ ቆሞ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነው የተሣሉትን ሥላሴን በተመለከተ ቁጥር የአብርሃም ድንኳን ትዝ ሊለው ይችላል። ልብ ልንለው የሚገባን አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው ማን እንደሆኑ ጠይቆ፣ መዝገብ አገላብጦ አለመሆኑን ነው። ጥላ ሥር አሳረፋቸው፣ አበላቸው፤ ማንነታቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ አጥቢያ እንግዳ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው እንግዳ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት መናኸሪያ በመሆኗ ዜማና አቋቋም ፈልገው ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ወደ ጉባኤ ቤቶቿ ሲጎርፉ ኖረዋል። ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «ስለ ማርያም» የሚለው ልጅ ነገ መሪጌታችን ነው። ለእርሱ የእሑድ ሰንበቴ በሳምንቱ ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚበላበት ብቸኛው ጊዜ ሊሆን ይችላል። ድርሻው በእጁ ተሰጥቶት ወደ ጎጆው ይመለስ ዘንድ ከሚደረግ ይልቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲቀመጥ ቢደረግ የዳቦው መጠን አይጨምርም። ልጁ ግን ሲታመም የሚጠይቀው፣ እከክ ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሰው ያገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ ለመናገር ወደሚከብድ ነገር እንለፍ። ሰንበቴ የሚዳከመው በእምነት ማነስ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚዳከመው በድግስ ብዛት ነው ብለን እናምናለን። ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። 26 አባላት ያሉት ሰንበቴ እንውሰድ። በዓመት 52 እሑዶች አሉና ለእያንዳንዱ አባል ተራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ለዳቦ፣ ለንፍሮና ለጠላ ከሆነ የገብስ ማሳ ላለው ገበሬ የሚከብድ አይደለም። አንድ ዓመት ግን ደህና ገቢ ያለው አባል በተራው ወጥ ይጨምራል። ይህን ያደረገው በቅን ልቡና ነው፤ ስለትም ሊኖርበት ይችላል። የሚቀጥለው ባለ ተራ ከእርሱ ማነስ ያሳፍረዋልና እርሱም ይጨምራል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሰንበቴው ልክ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በስብሰባ የወሰነው ግን ማንም የለም።

በዚህ ጊዜ የምትጎዳው መበለቲቱ ናት። ተራዋ ሲቃረብ «ዘንድሮ አልቻልኩም» ብላ አትናገርም። መቅረት ትጀምራለች። መጀመሪያ አንድ እሑድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ቅዳሴው እንዳለቀ በሌላኛው በር ትወጣለች። ሰንበቴተኛውም «እገሊት ተወችን» ይላል። ተወችን ከማለት በፊት ማን ማንን እንደተወ መጠየቅ ይገባ ነበር። በልጅ ጋብቻ ወይም በተስካር ዕዳ ውስጥ የገባው ገበሬ፣ ሥራ ያጣው የከተማ ወጣት፣ በጡረታ ብቻ የሚኖሩት አባት በዚሁ መንገድ ይቀራሉ። ስለ እንግዳ አቀባበል ስንናገር በአእምሯችን የሚመጣው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ማዕዱ ግን አስቀድሞ የሚዘጋው በገዛ አባሎቻችን ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ደፋር ሙሴ ይፈልጋል። የሰንበቴው ሙሴ አባላቱን ሰብስቦ የዝግጅቱን ልክ በግልጽ ማስወሰን አለበት፤ ከዳቦ፣ ከንፍሮና ከጠላ በላይ እንዳይቀርብ። መጨመር የፈለገ ባለጸጋ ትርፉን ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ወይም ለነዳያን ልብስ ይስጥ፤ ስለቱም አይቀርበትም። ሁለት ሦስት አባወራዎች አንድን ተራ ተጋርተው ቢያወጡ፣ ጨርሶ ያልቻለውም አንድ ቁና ገብስ ወይም የእንጨትና የውኃ ጉልበት ቢያዋጣ ሰንበቴው አይጎድልም። የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። «የተቸገሩ አባላት ዝርዝር» ተብሎ በጉባኤ ፊት እንዳይነበብ። ሙሴው ወይም የንስሐ አባቱ በቤታቸው ሄደው ቢያነጋግሯቸው ይበቃል።

ከሰንበቴው ቀጥሎ የሚያሳስበን የሰበካ ጉባኤው መዝገብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ያሰባሰበ፣ የአጥቢያውን መንፈሳዊና ማኅበራዊ ሕይወት እንዲመራ የታሰበ ነው። በተግባር ግን አንዳንድ ቦታ መዝገቡ የአስተዋጽኦ መሰብሰቢያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ በተለይ በጎንደር ከተማ ችግር ይፈጥራል። ከደምቢያ፣ ከበለሳና ከወገራ ለቀን ሥራ የመጡ፣ በኪራይ ቤት ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወሩ፣ ለትምህርት የመጡ ብዙ ምእመናን በከተማው አሉ። በየእሑዱ ያስቀድሳሉ፤ ግን የየትኛውም አጥቢያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ሰንበቴውም «የነባሮቹ ነው» ብለው ስለሚያስቡ ጠጋ አይሉም።

ይህ ክፍተት የሚታየው ሞት ሲመጣ ነው። አስከሬን ይዘው የመጡ ጎረቤቶች «የየት አጥቢያ ምእመን ነበር? የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጥያቄው ሥርዓት ነው፤ አንነቅፈውም። ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ገና በመጣ በመጀመሪያው ወር ቢጠየቅ ግን ያው ጥያቄ የእንግዳ መቀበያ በሆነ ነበር። በቀብር ቀን ሲጠየቅ በር መዝጊያ ይሆናል። ስለዚህ በወር አንድ እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቢሆኑ መልካም ነው፣ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ አውጥተው አዲስ የመጡትን ይመዝግቡ። ስም፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ የንስሐ አባት ያላቸው መሆኑ፣ በችግር ጊዜ የሚጠራላቸው ሰው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ገንዘብ አይነሣ። ከዚያ ወጣቶቹ ራሳቸው እንግዳውን ወደ ሰንበቴው ቤት ይዘውት ይግቡ፤ «ግባ» ብሎ ማመልከትና አብሮ መግባት አንድ አይደሉም።

በሰሜኑ ደጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በጃናሞራና በበየዳ፣ በራስ ደጀን አካባቢ፣ ምእመናን ገደል ወርደው ገደል ወጥተው ነው የሚያስቀድሱት። ስለዚህ እያንዳንዱን እሑድ መገናኘት ባይቻልም የወሩ በዓልና ዓመታዊው ንግሥ ሁሉንም ይሰበስባል። ከቅዳሴ በኋላ በዐፀዱ የሚነገር ማስታወቂያ፣ የክትባት ቀን ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ቢሆን፣ ከየትኛውም ወረቀት ፈጥኖ በየመንደሩ ይደርሳል። በበዓል ቀን ሞፈር አይነካም፤ ስለ እርከንና ስለ ዘር መምከር ግን የከለከለ የለም። ካህናት አባቶቻችን ይህን አምስት ደቂቃ ለጤና ሠራተኛዋ ወይም ለግብርና ባለሙያው ሲፈቅዱ ስብከተ ወንጌሉን እያሳጠሩ ነው ብለን አናስብም።

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከአዲ አርቃይና ከጠለምት የተፈናቀሉ ወገኖች በደባርቅና በዳባት ተጠልለው ነበር። በዳባት አቅራቢያም የዓለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ተቋቁሞ ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሓሩሽ የተነሡ ኤርትራውያን ተቀብሏል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የአንድ ጥምቀት ልጆች ናቸው። ቅዳሴው በግእዝ ስለሆነ በመቅደሱ ውስጥ ቋንቋ አያግዳቸውም፤ ስብከቱ ሲጀመርና ሰንበቴው ሲቀርብ ግን እንግዳ ይሆናሉ። ትግርኛ የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ወይም ምእመን ከአጠገባቸው ቢቀመጥ ብዙው ችግር ይቃለላል። ተቀባዩ ሕዝብ ራሱ የተጎዳ፣ ልጁን የቀበረ፣ እህሉ የጠፋበት መሆኑን አንዘነጋም። «ለእኛ ማን ደረሰልን?» የሚለውን ቅሬታ ካህኑ በተግሣጽ ከማፈን ይልቅ ተቀምጠው ቢሰሙት ይሻላል። ማዕዱ ላይ ግን የተፈናቃይና የነባር፣ የስደተኛና የባለ አገር የተለየ ሞሰብ ሊኖር አይገባም።

ትልቁ የእንግዳ መቀበያ ቀናችን ያለ ጥርጥር ጥምቀት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መጠመቂያ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች፣ ደጃቸውን ከፍተው ለማያውቁት ሰው ውኃና ጠላ የሚያቀርቡ እናቶች ሁሉ አስተናጋጆች ናቸው። በዓለ ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በቀጣዩ ወር፣ በዚያው ዓመት የጥምቀት ዕለት፣ በጎንደር መጠመቂያው አጠገብ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ይህን የምናነሣው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። በየገጠሩ የታቦት ማደሪያም ሕዝብ በግንብ፣ በዛፍና በገደል አፋፍ ላይ ይደራረባል። የእንጨት መቆሚያ ከተሠራ ስንት ሰው እንደሚችል በባለሙያ ይታይ፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚከለክል ሰው ይቁም። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግፊያ የሌለበት ቦታ አስቀድሞ ይለይ። የጠፋ ልጅ የሚመጣበት አንድ የታወቀ ድንኳን ይኑር፤ በውስጡም የምትቀመጠው ሕፃናት የሚያውቋት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ብትሆን ልጁ ቶሎ ይረጋጋል።

ስለ ጠበል ሠፋሪዎችም ባጭሩ እንናገር። መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሚመጡ ሕሙማን ዛሬም አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናን ሁለቱንም እንዲጠቀሙ በ1999 ዓ.ም. በይፋ አስተምረዋል። አጥማቂ አባቶች ይህን ትምህርት በየቀኑ ቢደግሙት፣ ሰበካ ጉባኤውም ለሠፋሪዎቹ መድኃኒት መዋጫ የሚሆን ቁርስ ከሰንበቴው ቢመድብ፣ የሚድን ነፍስ አለ።

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ከሕንፃ ዕድሳቱ አጀንዳ በፊት ግማሽ ሰዓት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ጸሐፊው ባዶ ወረቀት ያውጣ። እያንዳንዱ አባል ባለፈው ዓመት በሰንበቴ ይታይ የነበረ፣ ዘንድሮ ግን የማይታይ አንድ ሰው፣ በአጥቢያው የሚያስቀድስ ሆኖ ስሙን የማያውቀው አንድ ሌላ ሰው ያስታውስ። ወረቀቱ አይለጠፍም፣ በጉባኤም አይነበብም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎብኚ ይመደብና ከሦስት ወር በኋላ ጸሐፊው ወረቀቱን አውጥቶ ማን በማዕዱ እንደተቀመጠ ምልክት ያድርግበት።